የሁለት ባይት ቦታ

በሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ ኮንትሮል፣ ኦልት እና ኤፍ 3 የተባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ የተጫነ ሰው መስኮቶቹ፣ ሥዕሎቹ፣ የማውሱ ቀስት ሁሉ ገለል ብለውለት ከጥቁር ስክሪን ጋር ይፋጠጣል። ስም የሚጠይቅ አንድ ነጭ መስመርና ብልጭ ድርግም የምትል ጠቋሚ ይታያሉ፤ ሌላ ምንም የለም። ይህ የጽሑፍ ኮንሶል ነው። በሊኑክስ እየሠራ ዕድሜውን ሙሉ ሳያየው የሚኖር ብዙ ነው። ሰርቨር የሚጠብቅ ሰው ግን በደንብ ያውቀዋል፤ ግራፊክሱ ሲወድቅ፣ ኔትወርኩ ሲቋረጥ፣ ዲስኩ ሞልቶ መግቢያው እምቢ ሲል ከማሽኑ ጋር የሚያነጋግረው የመጨረሻው መንገድ እሱ ነው። ሌላው ነገር ሲበላሽ በኮንሶል ይጠገናል። ኮንሶሉ ራሱ ሲታወክስ በምን አይቶ ይጠገናል?

ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ የሚመልሰኝ ወደ አንዲት ጠባብ ቦታ ነው። አይቢኤም በ1987 (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) ባወጣው ቪጂኤ ላይ የተለመደው የጽሑፍ ስክሪን 80 ዓምድና 25 ረድፍ ነበረው። ሲባዛ 2000 ቦታ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ቦታ በሚሞሪ ውስጥ የተመደበለት ሁለት ባይት ብቻ ነው፤ አንዱ የፊደሉን ቁጥር፣ ሌላው ቀለሙን ይይዛል። መላው ስክሪን በ4000 ባይት ያልቃል። 80 ዓምድ የሚለው ልክ ደግሞ ከኮምፒውተሩ ይቀድማል፤ አይቢኤም በ1928 ካወጣው ባለ 80 ዓምድ የቀዳዳ ካርድ የተወረሰ ነው።

እዚያ ሁለት ባይት ውስጥ የፊደሉ መልክ የለም። ያለው ቁጥሩ ነው። መልኩ የሚመጣው ፎንት ከሚባለው ሌላ ሰንጠረዥ ነው፤ ቁጥሩ ይጠራል፣ ሰንጠረዡ በነጥብ የተሣለ ቅርጽ ይመልሳል፣ ስክሪኑ ያንን ያበራል። ቁጥር፣ ሰንጠረዥ፣ ብርሃን። የኮንሶል ብልሽት የምንለው ነገር አብዛኛው ከእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚፈጠር አለመግባባት ነው። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ሰንጠረዡ ሌላ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ትክክል ሆነው ብርሃኑ ላይመጣ ይችላል። በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ጥያቄም የትኛው ተበላሸ የሚለው ነው፤ ይህን ሳይጠይቁ ሲስተሙን እንደገና ወደ መጫን መሮጥ ጤነኛውን ከበሽተኛው ጋር መጣል ነው።

ጽሑፍ ያልሆነ ፋይል በስሕተት ስክሪኑ ላይ ሲዘረገፍ የሚሆነውን እንመልከት። ፋይሉ ውስጥ ካሉት ባይቶች አንዱ ቁጥር 14 ከሆነ ኮንሶሉ እንደ ትዕዛዝ ይቀበለዋል፤ ትርጉሙም «ወደ ሁለተኛው የምልክት ስብስብ ተሻገር» ነው። ሁለተኛው ስብስብ ሠንጠረዥ ለመሥራት የተዘጋጀ የመስመርና የማዕዘን ስብስብ ነው። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ትንንሾቹ የላቲን ፊደላት በመስመርና በማዕዘን ይተካሉ፤ ትልልቆቹ ግን እንዳሉ ይቆያሉ። የሚያስገርመኝ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ሰውየው «ሪሴት» የሚለውን ትዕዛዝ በላቲን ቁልፎች ሲጽፍ በስክሪኑ ላይ የሚያየው የተሰባበረ አጥር ነው፤ ማሽኑ ግን የተጫነውን ቁልፍ በትክክል ተቀብሏል። ሰውየው ዓይኑ የሚነግረውን ትቶ ጣቶቹን አምኖ፣ ጽፎ ጨርሶ አስገባ የሚለውን ቁልፍ ሲመታው ስክሪኑ ይጸዳል፣ ፊደላቱም ይመለሳሉ። አንድ ፕሮግራም የይለፍ ቃል እየጠየቀ ሳለ ተሰናክሎ ሲሞትም ተመሳሳይ ነገር ይደርሳል። የሚጻፈው ሁሉ አይታይም፤ ሆኖም ይሰማል። እዚያም መፍትሔው ሳያዩ መጻፍ ነው።

ፍጹም ጥቁር የሆነው ስክሪን ከዚህ ይከብዳል፤ ምልክት አይሰጥምና። ማሽኑ ሲነሣ መጀመሪያ ስክሪኑን የሚይዘው በቦርዱ ላይ ያለው ፈርምዌር ነው። ከዚያ የሊኑክስ ከርነል የግራፊክስ ካርዱን ድራይቨር ጭኖ ስክሪኑን ከፈርምዌሩ ይረከባል። ርክክቡ ካልተሳካ ጽሑፉ በመሀል ይጠፋል፤ ማሽኑ ግን ሥራውን ይቀጥላል። ካፕስ ሎክን ሲጫኑ መብራቷ ከበራችና ከጠፋች ከርነሉ በሕይወት አለ ማለት ነው። ከሌላ ኮምፒውተር በኤስኤስኤች መግባት ከተቻለ ደግሞ ምንም ጥርጣሬ የለም። እንግዲህ በመነሻው ሜኑ ላይ የኢ ቁልፍን ተጭኖ ሊኑክስ በሚለው መስመር ጫፍ «ኖሞድሴት» የምትለዋን ቃል መጨመር ነው። ቃሏ ለከርነሉ «የስክሪኑን አሠራር አትንካ፣ እንደተረከብከው ተወው» ትለዋለች። መልኩ ሻካራ ይሆናል፣ ግን ይታያል። ከዚያ ያለፈውን አነሣስ መዝገብ በ«ጆርናልሲቲኤል» ከፍቶ ድራይቨሩ የት እንደተሰናከለ ማንበብ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ አምናለሁ፤ ጥቁር ስክሪን ያየ ሰው የማጥፊያውን ቁልፍ ከመጫኑ በፊት ያቺን የካፕስ ሎክ መብራት ይመልከት። በሕይወት ያለ ማሽን ላይ ኃይል መቁረጥ በመጻፍ ላይ ያለ ዳታን ሊያሳጣ ይችላል።

ፊደሉ በጣም አንሶ የሚቸገሩም አሉ። 3840 በ2160 ነጥብ በሆነ ስክሪን ላይ ባለ 8 በ16 ፎንት ሲዘረጋ 480 ዓምድና 135 ረድፍ ይሆናል፤ ለዓይን የጉንዳን ሰልፍ ነው። በእጥፍ የሚበልጠውን ባለ 16 በ32 ተርሚነስ ፎንት በ«ሴትፎንት» ትዕዛዝ መጫን ይበቃል።

ኮንሶሉን ሊኑክስ ዛሬም በቴሌታይፕ ስም ነው የሚጠራው፤ እያንዳንዱ ኮንሶል «ቲቲዋይ» ተብሎ ቁጥር ይሰጠዋል። ዘሩ ከቴሌፕሪንተር ይመዘዛል፤ በሽቦ የመጣ ምልክት ተቀብሎ በወረቀት ላይ ፊደል ከሚመታ ማሽን። የእኛም ፊደል በዚህ መንገድ አልፏል። ኢንጂነር ተረፈ ራስወርቅ የአማርኛ ቴሌፕሪንተር በመሥራት ስማቸው ይነሣል። ከእሳቸው በፊት ደግሞ አያና ብሩ በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ደክመዋል። ሁለቱም የታገሉት ከአንድ ችግር ጋር ነው፤ ለላቲን ልክ በተሠራ ማሽን ላይ ከሁለት መቶ የሚበልጥ ቅርጽ እንዴት ይቀመጣል? ያ ችግር በኮንሶሉ ቦታ ላይም እንዳለ ይጠብቀናል።

አማርኛ ጽሑፍ በኮንሶል ላይ ሲከፈት በሁለት የተለያዩ መንገዶች ይበላሻል፤ ሁለቱን ለይቶ ማየት ግማሽ መፍትሔ ነው። የመጀመሪያው በእያንዳንዱ ፊደል ምትክ አንድ ጥያቄ ምልክት፣ አንድ ሳጥን ወይም አንድ ዐልማዝ መሰል ቅርጽ የሚታይበት ነው። አምስት ፊደል ያለው ቃል አምስት ሳጥን ይሆናል። ይህ ደግ ምልክት ነው። ኮንሶሉ ፊደሉን አውቆታል፣ ቆጥሮታል፣ ቦታም ሰጥቶታል፤ የጎደለው የፎንቱ ሥዕል ብቻ ነው። ሁለተኛው ግን በአንድ ፊደል ምትክ ሦስት ሦስት የማይገናኙ ምልክቶች የሚዘረገፉበት ነው። ዛሬ በአብዛኛው የሚሠራበት ዩቲኤፍ 8 የተባለው አጻጻፍ እያንዳንዱን የግዕዝ ፊደል በሦስት ባይት ይጽፈዋል። ሀ ማለት 225፣ 136፣ 128 ነው። መሠረታዊዎቹ የፊደል ገበታችን ፊደላት ሁሉ በ225 ይጀምራሉ። ኮንሶሉ ዩቲኤፍ 8 መሆኑን ካላወቀ ሦስቱን ባይቶች እንደ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ያነባቸዋል፤ በምዕራብ አውሮፓ አጻጻፍ 225 በራሷ ላይ ጭረት ያላት የላቲን ኤ ናትና ስክሪኑ በእሷ ይሞላል። ጭረት ያላት ኤ ደጋግማ ከታየች ፎንት መቀየር ምንም አይጠቅምም። ኮንሶሉን «ዩኒኮድ ስታርት» በሚለው ትዕዛዝ ወደ ዩቲኤፍ 8 ማሻገር ነው።

በዚህ ሁለተኛው ብልሽት ውስጥ ለብዙ ጊዜ ሳሰላስለው የኖርኩት አንድ ነገር አለ። አንዳንድ ፊደላት ከሌሎቹ የባሰ ይታወካሉ። ማ የምትጻፈው 225፣ 136፣ 155 ተብላ ነው። ኛ 225፣ 138፣ 155። ዛም መጨረሻዋ 155 ነው። ቁጥር 155 ደግሞ ለሊኑክስ ኮንሶል ተራ ምልክት አይደለም፤ «ከዚህ በኋላ የሚመጣው ትዕዛዝ ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው፤ ቀለም መቀየር፣ ጠቋሚን ማንቀሳቀስ፣ ስክሪን ማጥፋት የሚጀምረው በእሱ ነው። ስለዚህ ኮንሶሉ ማ ላይ ሲደርስ ቀጥሎ የሚመጣውን ባይት እንደ ትዕዛዝ አካል ይውጠዋል፤ የሚቀጥለው ፊደልም ጎዶሎ ሆኖ ይወጣል። «አማርኛ» የሚለው ቃል ራሱ ማንም ኛም አለበት። አንድ የማያውቅ ማሽን ፊት አማርኛ የሚለውን ስም ብንጽፍ ሁለት ጊዜ ትዕዛዝ የተሰጠው መስሎት ይደናገራል። ሦስቱም ፊደላት ራብዕ ናቸው። ይህም የሆነው ለየፊደሉ መለያ ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ ገበታችንን በስምንት ስምንት ቁጥር ስለደረደረውና ራብዑ በየስምንቱ ውስጥ ሁልጊዜ አራተኛው ቦታ ላይ ስለሚውል ነው። ብልሽት የሚመስለው ነገር ውስጥ የቅድመ አያቶቻችን ቅደም ተከተል፣ ግዕዝ ካዕብ ሣልስ ራብዕ፣ ሳይዛነፍ ተቀምጧል።

ኮንሶሉ ዩቲኤፍ 8 ከተባለ በኋላ የሚቀረው የቦታ ጉዳይ ነው፤ ወደዚያችው ሁለት ባይት ያስመልሰናል። ለፊደሉ የተሰጠው አንድ ባይት ነውና ፎንቱ ሊይዝ የሚችለው 256 ቅርጽ ነው። ለእንግሊዝኛ ይህ ሰፊ ሜዳ ነው፤ ፊደሉም፣ አኃዙም፣ ነጥቡም ተደምሮ 95 ነው። ለእኛ ግን ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ። ትዕዛዝ የሚጻፍባቸው 95 የላቲን ምልክቶች አብረው መኖር ግድ ይላቸዋልና ድምሩ 326 ነው። አይገባም። ዩኒኮድ በ1999 በሦስተኛው እትሙ የግዕዝን ፊደል ሲቀበል ደግሞ ዲቃላዎቹን፣ አኃዛቱንና ሥርዓተ ነጥቡን ጨምሮ 345 ነበሩ።

መውጫው ያለው ከቀለሙ ባይት ነው። ቪጂኤ ከቀለሙ ስምንት ቢቶች አንዷን ለፊደሉ ማበደር ይችላል፤ ያን ጊዜ ቅርጹ ከ256 ወደ 512 ያድጋል። 345 እና 95 ተደምረው 440 ናቸው፤ ይገባሉ፣ ቦታም ይተርፋል። የምትሰጠው ቢት ግን የፊደሉን ድምቀት የምትወስነው ናት። 16 የነበረው የጽሑፍ ቀለም 8 ይሆናል፤ ደማቁ ነጭ፣ ደማቁ ቢጫ፣ ደማቁ አረንጓዴ ይቀራሉ። ፊደላችን በዚያ ስክሪን ላይ ሙሉ ሆኖ ለመቆም ድምቀቱን መክፈል አለበት። ይህን ሳስብ አላዝንም። ልውውጡ ፍትሐዊ ነው እላለሁ፤ ደብዘዝ ያለ ሙሉ ገበታ ከደመቀ ጎዶሎ ገበታ ይሻላል።

ይህን ልውውጥ አስበው ፎንቱን ሠርተው ያስቀመጡ ሰዎች ደግሞ አሉ። በዴቢያንና ከእሱ በተወለዱት ሲስተሞች ላይ የኮንሶል ፎንት ማስተካከያው ሲከፈት ከአረብኛ፣ ከአርመንኛ፣ ከግሪክኛ ጋር የግዕዝ ፊደል ምርጫም በዝርዝሩ ውስጥ አለ። በፎንቶቹም ማኅደር ውስጥ «ጎሐ» እና «ጎሐ ክላሲክ» የተባሉ ቅርጾች «ፊክስድ» ከተባለው ቅርጽ ጎን ተቀምጠዋል። ብዙ ኢትዮጵያዊ የሊኑክስ ተጠቃሚ በገዛ ማሽኑ ውስጥ እንዳሉ አያውቅም።

ባለ 8 በ16 ሥዕል ማለት 128 ነጥብ ነው፤ እያንዳንዷ ወይ ትበራለች ወይ ትጠፋለች። በዚያ ላይ ጤን መሣል ምን እንደሆነ እናስብ። ሦስት እግር አላት። እያንዳንዱ እግር አንድ ነጥብ ስፋት ቢሰጠው፣ በመካከላቸውም አንድ አንድ ነጥብ ክፍተት ቢቀር አምስት ዓምድ ይሄዳል። ኃምስ ናትና በቀኝ እግሯ ጫፍ ቀለበት አለባት። መሀሉ ክፍት የሆነ ቀለበት ከሦስት ነጥብ በታች አይሆንም፤ አንደኛው ዓምዱ ከእግሩ ጋር ቢጋራ እንኳ ሁለት ይጨምራል። ሰባት ሆነ። ከጎረቤቷ ፊደል ጋር እንዳትጣበቅ አንድ ባዶ ዓምድ ያስፈልጋታል። ስምንት። አንዲት ነጥብ አልተረፈችም፤ አንዲት ነጥብም አልጎደለችም። ሸማኔ የጥበብን ጥለት ድር በድር ቆጥሮ እንደሚጥለው ይህም ነጥብ በነጥብ ተቆጥሮ የተጣለ ነው። አንዷ ነጥብ ብትሳሳት ጤ ጠን ትመስላለች፤ ቃሉም ይለወጣል። በስክሪኑ ላይ ያለችውን ትንሿን ጤ ሳይ የሚሰማኝ አክብሮት ነው።

እንዲህ ያለ ፎንት ባልተስፋፋበት ዘመንም ሰዎች እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በ1990ዎቹ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ «ሴራ» የተባለውን ሥርዓት አዘጋጅተው የግዕዝን ፊደል በላቲን ምልክት ያለ መምታታት መጻፍ እንዲቻል አደረጉ። የላቲን ፊደል ብቻ በሚያሳይ ስክሪን ፊት የተቀመጠ ሰው አማርኛውን እንዲልክና እንዲቀበል አስቻሉት። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ቀንቷል።

አንድ ያልተፈታ ነገር አለ፤ መሸፈን አይገባም። በኮንሶሉ ላይ አማርኛን ማንበብ ይቻላል፤ መጻፍ ግን ገና አስቸጋሪ ነው። የኮንሶሉ ኪቦርድ በመሠረቱ አንድ ቁልፍን ከአንድ ምልክት ጋር ያያይዛል፤ እኛ ደግሞ ተነባቢውንና አናባቢውን በተከታታይ መትተን አንድ ፊደል ማውጣት የለመድን ነን። ያንን የሚሠሩልን ፕሮግራሞች በግራፊክሱ ዓለም ያሉ ናቸው፤ ወደ ጥቁሩ ስክሪን አብረውን አይወርዱም። ስለዚህ የፋይል ስም በአማርኛ የሰየመ ሰው ክፉ ቀን ሲመጣ በኮንሶሉ ላይ ስሙን ያየዋል እንጂ በቀላሉ አይጽፈውም። የስሙን መጀመሪያ ሳይጽፍ በኮከብ ምልክት ሁሉንም መጥራት ወይም የፋይሉን የውስጥ ቁጥር ተጠቅሞ ማግኘት ይኖርበታል። ለሰርቨር ሥራ የሚውሉ የፋይል ስሞች በላቲን ቢሆኑ የምመርጠው ለዚህ ነው። ውስጣቸው ያለው ጽሑፍ ግን አማርኛ ከመሆን ምንም የሚያግደው የለም።

በኮምፒውተር ያለው አማርኛ ዛሬ በስልክም በድረ ገጽም አምሮ ይታያል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም አንድ ጽሑፍ በማሽን ላይ ቤተኛ ሆኗል የሚባለው ሁሉም ሲወድቅ በሚቀረው ስክሪን ላይም ሲነበብ ነው ብዬ አምናለሁ። የስሕተት መልእክት፣ የማስታወሻ ፋይል፣ ለተተኪው ባለሙያ የተጻፈ መመሪያ እዚያ ጥቁር ስክሪን ላይ በአማርኛ መውጣት አለበት። ፎንቱ አለ፣ ቦታውም አለ፤ የጎደለው ተጠቃሚ ነው። ያልተጠቀሙበት ፎንት ደግሞ ጉድለቱ አይታወቅም፤ ጉድለቱ ያልታወቀ ነገርም አይታረምም።

ሊኑክስ ያለህ አንባቢ፣ ያለሽ አንባቢ፣ ይህን ሞክሩ። አንድ የአማርኛ ጽሑፍ በፋይል አስቀምጡና ኮንትሮል፣ ኦልት እና ኤፍ 3 ተጭናችሁ ግቡ። ፎንቱን ወደ ጎሐ ቀይሩ፤ ፋይሉን ክፈቱና ከላይ እስከ ታች አንብቡ። ሲያበቃ ኮንትሮልንና ኦልትን ከኤፍ 1 ወይም ከኤፍ 2 ጋር መጫን ብዙ ጊዜ ወደ ነበራችሁበት ይመልሳችኋል። ሲያነቡት ዓይን የሚያደናግር ፊደል፣ ባዶ ሆኖ የቀረ ዲቃላ፣ ከጎረቤቱ የተጣበቀ እግር ካያችሁ መዝግባችሁ ፎንቱን ለሚያዘጋጁት ሰዎች ላኩላቸው። ፋይሎቹ ክፍት ናቸው፤ 128 ነጥብ ላይ ተቀምጦ አንዲት ፊደል ለማረም የሚያስፈልገው አማርኛ የሚያነብ ዓይንና ጥቂት ትዕግሥት ነው።